የማዳልቾን ደጅ የጠበቅሁት በቂም ነው

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህ የይቅርታ ታሪክ አይደለም። እንደዚያ መስሏችሁ ጀምራችሁ፣ መጨረሻው ላይ እንዳታዝኑብኝ።

ሰፈር ውስጥ "ጋሽ አንጁሎ ልቡ ገር ነው፣ ክፉ ከአፉ አይወጣም" ይሉኛል። ውሸት አይደለም። ልጆቼን በዱላ አላሳደግሁም። በመስኖ ውሃ ተራ እንኳ ከሰው ጋር ተጣልቼ አላውቅም፤ በእኛ መንደር በጫኖ ደግሞ በውሃ ተራ ያልተጣላ ገበሬ ማግኘት ቀላል አይደለም። ግን ገር ሰው ቂም አይዝም ያለው ማነው? ይይዛል። ቀስ ብሎ ይይዛል፤ ከያዘ በኋላ ግን እጁ አይላላም።

የተወለድኩት ኦቾሎ ነው፤ ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ ተራራው ጫፍ ላይ። አባቴ ሸማኔ ነበር፣ እኔም ጎረምሳ ሳለሁ ሸማኔ ነበርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረ። አየለችን ካገባሁ በኋላ ቆላ ወርደን ጫኖ ላይ መሬት አገኘን፤ ሙዝ ተከልን፣ ማንጎ ተከልን፣ ልጅ ወለድን። ቤተ ክርስቲያን የገባነውም አብረን ነው። "ጴንጤ ናችሁ?" ሲሉን "አዎ ነን" እንላለን። ስለዚህ የምነግራችሁን ሰምታችሁ "ይህ ሽማግሌ እምነት ጠልቶ ነው" እንዳትሉ። እስከ ዛሬ እሑድ እሑድ እዘምራለሁ፤ ድምፄ አያምርም እንጂ።

አየለች ታመመች። ካንሰር ነው አሉን። የማንወስዳት ቦታ አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም አስቀምጣን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ከዚህ በኋላ የሚያስፈልጋት ማስታገሻና ቤቷ ነው። አጫውቷት፣ የምትወደውን አድርጉላት" አለችን።

አየለች ስንወጣ ሳቀች። "ጨዋታ በሐኪም ሲታዘዝ ሰምተህ ታውቃለህ?" አለችኝ።

የፈለገችው ቤቷን ነበር። ማንጎው ሥር ተነጥፎላት፣ ልጆቹ እየመጡ እያወሯት፣ ከእኔም ጋር እንደ ልማዳችን እየተጨቃጨቀች ቀኗን መጠበቅ። ጸሎትም ትፈልግ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ወንጌላዊ ኤልያስ መጥቶ "ለጥቂት ቀን ጸሎት ግቢው ትምጣ" ሲል እሺ ያለችው ራሷ ናት።

ኤልያስ የጎረቤቴ የማዳልቾ ልጅ ነው። የማዳልቾ ሙዝ ከእኔ ሙዝ ጋር ይዋሰናል፤ ሰውየው ከእኔ ስለሚበልጥ "አያ" እለዋለሁ፣ እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው። ልጁን ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ። ሲያድግ ወንጌላዊ ሆነ። ድምፁ ያምራል፤ ሲጸልይ ድንጋይ ያስለቅሳል። ወደ አባያ በሚወርደው መንገድ ዳር ለበሽተኞች የሚጸለይበት ግቢ ከፍቶ ነበር።

አየለችን ወሰድኳት። እሷን አስገብተው እኔን ከበሩ መለሱኝ።

"የቤተሰብ እንባ እምነት ያዳክማል" አለኝ ኤልያስ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ። "ጋሽ አንጁሎ፣ አንተ ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሃል። ጥርጥር ገብቶብሃል። አጠገቧ ከሆንክ ይጋባባታል። ስትድን እኔው ራሴ እጠራሃለሁ።"

በየቀኑ ሀለኮ የምንለውን የሽፈራው ቅጠል ቀቅዬ፣ ቆጮ ጨምሬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ እሄድ ነበር። ምግቡን ይቀበሉኛል፣ እኔን አያስገቡኝም። በሩ ላይ እቀመጣለሁ። ከውስጥ "ሞት አይነካኝም በይ! በይ!" እያሉ ሲጮሁ ይሰማኛል። የአየለችን ድምፅ ለመለየት ጆሮዬን ቆርቆሮው አጥር ላይ እለጥፋለሁ፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ግሎ ጆሮዬን ያቃጥለኛል። አንድም ቀን አልለየሁትም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በሩ ተከፈተና ኤልያስ ወጣ። "ጌታ ወሰዳት" አለኝ። ገብቼ እንዳያት ያን ጊዜ ተፈቀደልኝ።

ለቅሶው ሳይበተን፣ እዚያ ግቢ አጠገቧ ተኝታ የነበረች ሴት መጥታ እጄን ይዛ ነገረችኝ። አየለች በሞተችበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ "አንጁሎ አልመጣም? ጥሩልኝ፣ ወደ ቤቴ ይውሰደኝ" ስትል ነበር የዋለችው። ኤልያስ ጎንበስ ብሎ "አልመጣም" አላት። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ! ምግቧን ጭኔ ላይ ይዤ!

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ "እኅታችን አየለች ምንም ምድራዊ ነገር ሳትጠይቅ፣ በእምነት ጸንታ አረፈች" ብሎ መሰከረ። ሕዝቡ "አሜን" አለ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ የምዘምረው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው።

አልሰደብኩትም። ገበያ ላይ ሳገኘው ሰላም እለው ነበር። ጠዋት ጠዋት ግን ሙዙ መሐል ቆሜ እንዲህ ብዬ እጸልያለሁ፤ "ጌታ ሆይ፣ ይህ ሰው የአባቱን ሞት ደጅ ሆኖ ይስማው።" እንዲህ ያለ ጸሎት ይፈቀዳል? አላውቅም። ማንንም አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ተው ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ መተው አልፈለግሁም።

ከዚያ ማዳልቾ ታመመ።

ሆዱ አበጠ፣ እግሩ አበጠ። ሆስፒታል ተኛና፣ አንድ ቀን መርፌውን ከእጁ ላይ ራሱ ነቅሎ "በቃኝ፣ ቤቴ ውሰዱኝ" አለ። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች፤ የምታስታምመው ሴት ልጁ በላይነሽ ናት። ማዳልቾ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። ዕድሜውን ዱቡሻ ላይ ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ነው፤ ዱቡሻ የምንለው ሽማግሌዎቻችን ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ሜዳ ነው። ፈጣሪውን ያውቃል፤ ጩኸት ግን አይወድም። ኤልያስ ደግሞ በጉባኤ ፊት "አባቴ ጌታን ሳይቀበል አይሞትም፣ ምስክርነቱን በጆሯችሁ ትሰማላችሁ" ብሎ ነበር። ወሬው ጫኖን አዳርሷል።

አንድ ጠዋት በላይነሽ አስጠራችኝ። ማዳልቾ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል።

"አንጁሎ።"

"ወዬ፣ አያ።"

"ልጄ ዛሬ መኪና ይዞ ይመጣል አሉኝ። ወደዚያ ግቢው ሊወስደኝ።"

"ሰምቻለሁ።"

"አልሄድም። እየጮሁብኝ አልሞትም። አንድ ነገር በል በል እያሉኝም አልሞትም፤ የምለውን እኔ አውቃለሁ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ደጄ ላይ ተቀመጥልኝ። በላይነሽ ታላቅ ወንድሟን መመለስ አትችልም። ማንም እንዳይገባ።"

"ማንም?"

"ማንም።"

"ኤልያስም?"

"ማንም አልኩህ እኮ" አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ወዳጆቼ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ብነግራችሁ ትፈሩኛላችሁ። ሰው ሊሞት ነው፤ የምወደው ሰው። እኔ ግን ውስጤ እየዘለለ ነበር። ዱላዬን ይዤ ወጣሁና መግቢያው ላይ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ፀሐይ ስትጠነክር መጡ። ከመኪናው ኤልያስ ወረደ፤ ነጭ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ። ከኋላ ከነበረው ባጃጅ መዘምራን ወረዱ፤ አንዱ ድምፅ ማጉያ ታቅፏል።

"ጋሽ አንጁሎ! ሰላም ነው?"

"ሰላም ነው።"

"አባዬ እንዴት አደረ?"

"እንደ በሽተኛ።"

ሊያልፈኝ መጣ። ዱላዬን በመግቢያው ላይ አጋደምኩት።

"ምነው?"

"አይገባም።"

"ማን ነው የማይገባው?"

"አንተ።"

ወደ መዘምራኑ ዞሮ ሳቀ። "ጋሽ አንጁሎ ሲቀልድ አይቼው አላውቅም!"

"ዛሬም አላየህም።"

ሳቁ ቆመ። "የአባቴ ቤት እኮ ነው!"

"አዎ፣ የአባትህ ነው። የአንተ ሲሆን ትገባለህ።"

"አባቴ ሊሞት ነው! ለምንድን ነው የማልገባው?"

ይህን ጥያቄ ነበር ስጠብቅ የኖርኩት። "የቤተሰብ እንባ እምነት ያዳክማል" አልኩት። ቀስ ብዬ። ራሱ እንዳለኝ አድርጌ።

ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ጎንበስ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ "ስለ እትዬ አየለች ነው?" አለኝ።

"ስለ አባትህ ነው። ማንንም አታስገባ ብሎኛል። ስለ እሷ ቢሆን ኖሮ ይህን ዱላ አላጋድመውም፣ አነሣው ነበር።"

ከመዘምራኑ አንዷ፣ ልጅ እግር ናት፣ "ጋሼ፣ ይህን የሚያደርግዎት ሰይጣን ነው!" አለችኝ።

"ይሆናል ልጄ" አልኳት። "ግን እሱም ቢሆን ዛሬ ደጅ ነው የቀረው።"

አንዱ መዘምር ሳቁ አመለጠውና አፉን ያዘ። ኤልያስ ተናደደ። "ዘምሩ!" አላቸው። ማጉያው ተከፈተ፤ ገና አንድ መዝሙር ሳይጨርሱ በላይነሽ እያለቀሰች ወጣች። "ኤልያስ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ፣ አባዬ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዟል!" አለችው። ማጉያው ተዘጋ። ኤልያስ ሰዎቹን በባጃጁ መልሶ ላካቸው።

እሱ ግን አልሄደም። አጥሩ ሥር ተቀመጠ። ብዙ ከቆየ በኋላ አንገቱን ሲያዘነብል አየሁት፤ ጆሮውን ወደ አጥሩ አስጠጋ። የአባቱን ሳል ሊሰማ ነው። ማር የላስኩ ያህል ጣፈጠኝ። ውሃ እንኳ አላቀረብኩለትም። በላይነሽ ለእኔ በጣሳ ውሃ ስታመጣልኝ፣ እያየኝ፣ ቀስ አድርጌ ጠጣሁት።

በመጨረሻ ተነሣ። ቃል ሳይናገር በመኪናው ሄደ። ተስፋ ቆረጠ ብዬ ነበር።

ሲመለስ የሀገር ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ፊት የሚመራቸው ጋሽ ዳርጌ ነው፤ ከማዳልቾ ጋር ዱቡሻ ላይ የሸመገለ፣ እኔ የማከብረው ሰው። ሁሉም እጃቸው ላይ እርጥብ ሣር ይዘዋል።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ ደም የተቃባ ሰው እንኳ ጦሩን ያወርዳል። ሣሩን ተሻግሮ እምቢ ያለ ሰው ጎሜ ያገኘዋል እንላለን፤ ጎሜ በሠሪው ብቻ የማይቀር፣ በልጆቹ ላይ የሚተርፍ መዓት ነው። ኤልያስ ይህን ሁሉ ከመድረክ ላይ ሲያወግዝ ነው የኖረው። "ሣር ይዞ መለመን የጨለማ ሥራ ነው" ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ አባቱ ገበያ ላይ ሲሰማው አንገቱን ደፍቶ ነበር የሄደው። ዛሬ ያው ኤልያስ ከሣር ያዦቹ ጀርባ ተደብቆ ቆሟል።

"ወንጌላዊ" አልኩት በሰዎቹ ትከሻ ላይ፣ "የጨለማውን ሥራ በጠራራ ፀሐይ ይዘኸው መጣህ?"

ጋሽ ዳርጌ ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት። ሌሎቹም ተንበረከኩ።

"አንጁሎ፣ ልጅ ነው። አባቱን ይየው።"

"እኔም ሚስቴን ልያት ብዬ በር ላይ ስቀመጥ ሰው ነበርኩ፣ ጋሽ ዳርጌ።"

"እናውቃለን። ያን ጊዜ ብትጠራን እንመጣልህ ነበር።"

"የእግዚአብሔር ግቢ ነው አሉኝ። የእግዚአብሔር ግቢ ላይ ሣር ይያዛል?"

ጋሽ ዳርጌ ሣሩን ወደ እኔ ዘረጋ። "ትሻገረዋለህ?"

ምን ላድርግ? እሺ ብል ለማዳልቾ የሰጠሁትን ቃል አፈረስኩ። እምቢ ብል ሣር ተሻገርኩ። ሁለቱንም ተዉትና፣ እኔ ራሴ ኤልያስን ከደጅ ወደ ውስጥ ማስገባት አልፈለግሁም፤ እውነቱ ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ ተንበርክከው ይጠብቃሉ። እኔም ተቀምጬ አሰብኩ፤ ችኩል ሰው አይደለሁም። እያሰብኩ ሳለ አንድ ነገር ገባኝ፤ ማዳልቾ ደጁን ነው የሰጠኝ፣ ሞቱን አልሰጠኝም።

"የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ" አልኳቸው። "የሚለመነው እኔ አይደለሁም። ባለቤቱ ውስጥ ነው።" ሣሩን ከጋሽ ዳርጌ እጅ ተቀብዬ ገባሁ።

ማዳልቾ ነቅቷል። ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ፣ "ውጭ ድምፅ ሰማሁ። ማን መጣ?" አለኝ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። "ማንም አልመጣም" ማለት እችል ነበር። ሣሩን ከኋላዬ ይዣለሁ፣ እሱ አላየውም። ሰውየው ከዚያ ቀን እንደማያልፍ ማንም ያውቃል። ልጁ እንዳልመጣ አምኖ ይሞታል፤ ኤልያስም አባቱ እንዲህ አምኖ እንደሞተ እያወቀ ይኖራል። ከዚህ የበለጠ በቀል አለ? ስጸልይበት የኖርኩት ነገር በእጄ ገብቷል። የቀረኝ አፌን መክፈት ብቻ ነው።

ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነበር። በሽተኛ ሲጠይቅ የሚያየው አስተያየት አለ፤ የምትነግሩትን ሁሉ ያምናል፣ ሌላ የሚጠይቀው የለውማ። አየለችም ኤልያስን እንዲህ እያየች ነው የጠየቀችው ብዬ አሰብኩ። ብዋሽ የምዋሸው ኤልያስን አይደለም፤ ማዳልቾን ነው። ማዳልቾ ምን አደረገኝ?

"ኤልያስ ነው" አልኩት። "ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ነው። አሁን ደግሞ ሽማግሌ ይዞ መጥቷል። ይኸው ሣሩ።"

ሣሩን ተቀብሎ አሸተተው። ከዚያ ሳቀ፤ ሳሉ እስኪያቋርጠው ድረስ ሳቀ። "የእኔ ኤልያስ? ሣር አስያዘ?"

"አስያዘ።"

"ጤነኛ ሳለሁ ቢያደርገው ኖሮ እጨፍር ነበር።" ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንተ ምን ትላለህ?" አለኝ።

"እኔ ብሆን አላስገባውም።"

"አውቃለሁ። አንተ ተበድለሃል። የምሞተው ግን እኔ ነኝ።" ሣሩን ደረቱ ላይ አኖረው። "ብቻውን ይግባ። መጽሐፉንም ሰዎቹንም ደጅ ይተው። አፉንም ደጅ ይተው። እኔ በሕይወት እስካለሁ አንዲት ቃል ከተናገረ አውጣው።"

"ጸሎትስ?"

"በሆዱ ይጸልይ። ፈጣሪ የሆድ አይሰማም?"

ወጥቼ ለኤልያስ ነገርኩት። "አንዲትም ቃል?" አለ ዓይኑን አፍጥጦ። "እሷን እዚሁ ጨርሳት" አልኩት። ጋሽ ዳርጌ ከጉልበቱ እየተነሣ ፈገግ ሲል አየሁት።

ኤልያስ ገባና አልጋው ጎን ተቀመጠ። እኔ ትይዩው ተቀመጥኩ፤ አፉን እጠብቃለሁ። ይህ ሰው እንጀራው አፉ ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እኔን ያያል፣ ይተዋል። አባቱ ግን ያወራዋል፤ ስለ እናቱ፣ ስለሞተችው ላማቸው፣ ኤልያስ በልጅነቱ ከእኔ ማንጎ ላይ ወድቆ ክንዱ እንደተሰበረ። ስለ ሃይማኖት አላነሣም።

"ዛሬ የውሃ ተራችን ነው" አለ በመሐል። "በላይነሽ እኔን ትታ አትሄድም። ሂድ ክፈተው። ወደ ሙዙ ሲገባ ልስማው።"

ኤልያስ ተነሣ። ተከትዬው ወጣሁ። አካፋውን ይዞ ቦዩ ላይ ቆመ፤ በየት በኩል እንደሚሰበር ረስቶታል። ዞሮ አየኝ። መጠየቅ አይችልም፣ አፉ ተከልክሏል፤ በእጁ "እዚህ? እዚያ?" አለኝ። እኔ ማንጎውን አየሁ። ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ወንጌላዊው ያን የተወለወለ ጫማ አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ አንዴ ተሳስቶ ውሃውን ወደ መንገዱ ለቀቀው፣ ሸሚዙ እስከ ደረቱ ጨቀየ። በመጨረሻ አገኘው። ውሃው እየተንሿሿ በሙዙ ሥር ገባ።

ስንመለስ ማዳልቾ ራሱን አዘንብሎ እየሰማ ነበር። "ገባ" አለ። ልጁን በእጁ ጠርቶ አስጎነበሰውና ሣሩን አናቱ ላይ አደረገለት። ዱቡሻ ላይ እንደሚመርቀው፣ በጋሞኛ፣ መረቀው፤ ምድሩ ይብቀልልህ፣ ልጅህ ይደግልህ፣ ቃልህ ይሰማልህ። ልጁ የጨለማ ነው ሲለው የኖረው ምርቃት ነው። ኤልያስ አፍ ስለሌለው አሜን እንኳ ማለት አልቻለም። ጭቃውን እንደለበሰ፣ ሣር አናቱ ላይ፣ ድምፅ ሳያወጣ አለቀሰ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማዳልቾ ሞተ። ማንም አልጮኸበትም። ውሃው ገና እየገባ ነበር።

በላይነሽ እየጮኸች ለጎረቤት ልትናገር ወጣች። ኤልያስ አባቱን አላየም፣ እኔን አየ። አፉን በጣቱ አሳየኝ፤ ልናገር? ማለቱ ነው።

"መጀመሪያ የእኔን ንገረኝ" አልኩት። "አልመጣም ስትላት አየለች ምን አለች?"

"ጋሽ አንጁሎ፣ አሁን…"

"አሁን። ምን አለች?"

መሬት አየ። እውነት መናገር ያን ያህል የሚያስቸግረው አፍ አይቼ አላውቅም።

"'ደክሞት ይሆናል' አለች። 'እንዳትቀሰቅሱት' አለች።"

ወዳጆቼ፣ ስትሰድበኝ፣ ስትረግመኝ የሞተች ይመስለኝ ነበር። ለእኔ ስታዝንልኝ ነው የሞተችው። ዕድሜ ልኬን ተኝቼ የማልውለውን ሰው፣ በሩ ላይ ጆሮዬን በቆርቆሮ እያቃጠልኩ የነበርኩትን ሰው፣ ተኝቷል ብላ ራርታልኝ ሄደች። ቂሜ ይቀንሳል ብዬ ነበር የጠየቅሁት። ባሰበት።

"አሁን ጸልይ" አልኩትና ወጣሁ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ጋሽ ዳርጌ ሁለታችንንም ዱቡሻ ላይ አስቀመጠን። ኤልያስ ሊቀር ይችል ነበር፤ አልቀረም። የጉባኤው ሰዎችም መጥተው ዳር ቆሙ። ተነሥቶ በሁሉም ፊት ተናገረ፤ በሩ ላይ እንደነበርኩ እያወቀ አልመጣም እንዳላት፣ ቤቴ ውሰዱኝ ስትል እንዳልወሰዳት፣ የመሰከረውም ውሸት እንደነበር። "ከመለስኳት ሰው እምነት የለውም ይለኛል ብዬ ፈራሁ" አለ። ከሕዝቡ አንዲት አሮጊት "እሷ ስለ አንተ ስም ነው እንዴ የታመመችው?" አለችው።

ጋሽ ዳርጌ ወደ እኔ ዞረ። "ካሳህ ምንድን ነው? ወይፈን? በግ?"

"ከብት አልፈልግም" አልኩ። "የእኔ ቀን ሲደርስ ደጄ ላይ እሱ ይቀመጥልኝ።"

"እሱ? ኤልያስ?"

"እሱ። ማን መጣ ብዬ ስጠይቅ እውነቱን ይንገረኝ። አስገባ ያልኩትን ያስገባ፣ መልስ ያልኩትን ይመልስ፤ ወንጌላዊም ቢሆን፣ ሐኪምም ቢሆን፣ የገዛ ልጄም ቢሆን። እሱ ራሱ ግን አይገባም።"

ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው "ዝም በል" አለው። ኤልያስ ቀና ብሎ አየኝ። "እሺ" አለ።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ እናንተም ቤት ታሞ የተኛ ሰው ስለሚኖር ነው። ጸሎት ቢፈልግ ይጸለይለት፣ ሐኪም ቢፈልግ ይምጣለት፣ ዝምታ ቢፈልግ ዝም በሉለት። የተኛ ሰው ገና አልሞተም፤ ጠይቁት። ሲጠይቃችሁ ደግሞ አትዋሹት። እኔ ለማዳልቾ አልዋሸሁም፤ ከቂሜ ሁሉ መሐል ያቺን ብቻ ሳስብ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ያ ጸሎት ግቢ አሁንም አለ። ቤተሰብ ከበሩ አይመለስም ይላሉ። ሄጄ አላየሁም፣ አልሄድምም። ኤልያስ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ "ጋሽ አንጁሎ፣ ጤናህ እንዴት ነው?" ይለኛል። ከልቡ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ጤናዬ ደህና ነው። ልጆቼንም አስቀምጬ ነግሬያቸዋለሁ፤ የት እንደምተኛ፣ ማን እንዲጠራልኝ እንደምፈልግ፣ የትኛው መዝሙር ቀስ ተብሎ እንዲዘመርልኝ። ለኤልያስም የሚቀመጥበትን ቦታ አሳይቻቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ጥላ የማይደርስበት ነው።